ከኮርቻ ቤት ወደ ፑል ቤት፦ የስቴካ መያዣና የቆዳ ሙያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከረንቡላም ሆነ ፑል የሚጫወት ሰው ስቴካውን፣ ማለትም የኳስ መምቻ ዱላውን፣ ከግድግዳው መደርደሪያ ይመርጣል፤ መጣመም አለመጣመሙን ጠረጴዛው ላይ አንከባልሎ ያያል፤ ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ስቴካው የቤቱ ንብረት ስለሆነ መያዣ አያስፈልገውም። የስቴካ መያዣ የመጣው ተጫዋቹ የራሱን ስቴካ ይዞ ከቤት መውጣት ሲጀምር ነው። የመያዣውን ታሪክ የተከተለ ሰው ደግሞ ከፑል ቤት ወጥቶ ኮርቻ ሠሪዎች ዘንድ፣ አልፎም የጦር ቁስለኞች የተኙበት ሆስፒታል ይደርሳል።

ቆዳና ስቴካ የተገናኙት ግን ከመያዣው በፊት ነው። በጥንቱ ቢሊያርድ ኳስ የምትገፋው ጫፉ ወፈር ባለ ዱላ ነበር። ቀጭኑ ስቴካ ከመጣ በኋላም ደረቁ እንጨት ኳሷን ሲነካ እያዳለጠ ያስቸግር ነበር። መላውን ያገኘው ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ሻምበል ነው። ሚንጎ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ ሳለ ቢሊያርድ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 ከእስር ሲወጣ ጫፉ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ስቴካ ይዞ ወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቆዳው ኳሷን ለቅጽበት ያዝ ስለሚያደርጋት እንደ ልብ ማሽከርከርና ወደ ኋላ መመለስ ተቻለ። በ1827 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ። የስቴካ ጫፍ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ቆዳ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብሩንስዊክ የተባለው ኩባንያ በ1845 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ ተመሥርቶ ጠረጴዛውንም ስቴካውንም በብዛት ያመርት ጀመር። በዚያው ኩባንያ ያደገው የቺካጎው ኸርማን ራምቦ እንደ ዊሊ ሆፕ ላሉ ስመ ጥር ተጫዋቾች በልካቸው ስቴካ በመሥራት ስሙ ገነነ። ከሩሲያ በልጅነቱ የተሰደደውን ጆርጅ ባላቡሽካን ደግሞ በ1959 ለጓደኞቹ ስጦታ ብሎ የጀመረው ሥራ በ1975 እስኪሞት ድረስ የዘመኑ ምርጥ ስቴካ ሠሪ አሰኘው። እነዚህ ስቴካዎች መሃላቸው ላይ በብሎን ይጋጠማሉ፤ ሲፈቱ እያንዳንዱ ግማሽ፣ የታችኛው እጀታም የላይኛው ዘንግም፣ ወደ 74 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይጣመማል፤ የተጣመመን ዘንግ መልሶ ማቅናት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መያዣው ጌጥ ከመሆኑ በፊት ጋሻ ነው።

ፊልምም የራሱን አድርጓል። በ1961 «ዘ ሃስለር» ላይ ፖል ኒውማን ስቴካውን በቆዳ መያዣ ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ቁማርተኛ ሆኖ ተጫወተ። በ1986 ያንኑ ገጸ ባሕርይ ይዞ በ«ዘ ከለር ኦቭ መኒ» ተመለሰ፤ ኦስካርም አገኘበት። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ፑል እንደገና አንሰራራ። የራሱ ስቴካ ያለው ሰው ሲበዛ በእጅ የተሠራ መያዣ የሚፈልገውም በዛ።

ያን መያዣ ማን ይሥራው?  ሙያው የተገኘው ከፑል ቤት ውጭ ነው። በ1919 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ የተመሠረተው የታንዲ ኩባንያ ለጫማ አዳሾች ቆዳ የሚያቀርብ ሱቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባለቤቱ ልጅ ቻርልስ ታንዲ በባሕር ኃይል ውስጥ ሃዋይ ላይ ሲያገለግል፣ ቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ እጃቸውንና መንፈሳቸውን ለማጠንከር ቆዳ ሲሠሩ አየ። ለአባቱ ጻፈለት፤ ኩባንያውም ፊቱን ወደ ቆዳ ዕደ ጥበብ አዞረ። ቀበቶና ቦርሳ በገዛ ቤቱ መሥራት የሚፈልግ ሰው መሣሪያውንና የተቆረጠውን ቆዳ በፖስታ ያገኝ ጀመር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ነው፤ የሙያው በር ለተራው ሰው የተከፈተው የተጎዱ ሰዎች እንዲያገግሙ ተብሎ ነውና።

ለጀማሪው መምህር የሆነው ደግሞ አል ስቶልማን ነው። ከ1979 ጀምሮ ስለ ቆዳ መያዣ አሠራር ብቻ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ፤ ሥዕሎቹ እያንዳንዱን ስፌት ያሳያሉ። በዋዮሚንግ ግዛት ሸሪደን ከተማ የነበረው ኮርቻ ሠሪ ዶን ኪንግ በበኩሉ ቆዳ ላይ የሚቀረጽ የአበባ ስልት አስፋፋ፤ ትንንሽ አበቦች፣ ግንዳቸው ክብ እየሠራ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ። ያ ለኮርቻ የተፈጠረ አበባ ዛሬ ስቴካ መያዣ ላይ ይታያል።

ጀማሪን የሚያታልለውም ይኸው አበባ ነው። ሁሉም መቅረጽ ይፈልጋል። ለቅርጽ የሚሆነው በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ነው፤ በክሮም የለፋው የተመታበትን ቅርጽ አይዝም። ቆዳው በውኃ ይርሳል፤ የላዩ ቀለም ወደ ተፈጥሮው መመለስ ሲጀምርና ሲነኩት ግን ገና ሲቀዘቅዝ ሥራው ይጀመራል። መስመሩ በቢላዋ ይሰነጠቃል፤ ዳርና ዳሩ በማተሚያ ብረትና በእንጨት መዶሻ ይቀጠቀጣል፤ አበባው ብቅ ይላል። በሚቀጠቀጥበት ጊዜ ቆዳው ስለሚለጠጥ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አስቀድመው ጀርባውን በፕላስተር ይወጥሩታል።

ከዚያ ልኩ ይመጣል። ቆዳው የሚለበስበት፣ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ አለን እንበል፤ ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀማሪው ያንኑ ለክቶ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ቢቆርጥ፣ ሲጠቀልለው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያጥርበታል። ቆዳ ውፍረት ስላለው የውጪው ገጽ ከውስጡ ይበልጥ ረጅም መንገድ ይዞራል። የሦስት ቀን ቅርጽ በዚህች ልዩነት ብቻ ከንቱ ይቀራል። ስፌቱም የኮርቻ ሠሪዎች ስፌት ነው፦ በወስፌ የተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ሰም የተቀባ አንድ ክር ሁለት ጫፉን በሁለት መርፌ ይዞ ከግራም ከቀኝም ያልፋል። አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የመኪና ስፌት ግን አንድ ቦታ ሲበጠስ መተርተር ይጀምራል።

ይህን ሥራ ሳስብ የእኛ መጽሐፍ ደጓሾች የሚሠሩት ማኅደር ይታየኛል። ማኅደር የሚሰፋው በሚገባበት የብራና መጽሐፍ ልክ ነው፤ ማንገቻው መጽሐፉን ለመሸከምም ግድግዳ ላይ ለመስቀልም ያገለግላል። ደጓሹ መጽሐፉን ሳይለካ ማኅደሩን አይጀምርም። ጥሩ የስቴካ መያዣ ሠሪም እንደዚሁ የሚነሳው ከውስጡ ነው። ስንት እጀታ፣ ስንት ዘንግ እንደሚገባ ይወስናል፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ክፍል ያበጃል፤ ክፍሉን ስቴካውን በማይፍቅ ለስላሳ ጨርቅ ይሸፍናል፤ ቆዳው የሚለበሰው በስተመጨረሻ ነው።

በእኔ ግምት ሙያውን በመማር ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያ መያዣዎቹን አበባ ሳያደርግባቸው ቢሠራ ይሻለዋል። ልሙጥ ቆዳ የስፌቱንና የልኩን ጉድለት ሳይሸፍን ያሳየዋል። እጁ ሲጸና አበባው ይደርሳል።

እርስዎም በእጅ የተሠራ መያዣ ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ ክዳኑን ይክፈቱ። ስቴካዎን ያስገቡ፤ ክዳኑን ዘግተው ቀስ ብለው ያወዛውዙት። እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ከሰሙ፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት።