ባሩድ ከማጥራት እስከ አምቦ ቤተ ሙከራ



ከግንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ልጆቻችን አምቦ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ይህ ተቋም በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው። ኬሚስትሪ የሚያጠኑት በቤተ ሙከራ መጀመሪያ ከሚለማመዷቸው ሥራዎች አንዱ ያልጠራን ነገር አጥርቶ የሚቀልጥበትን ሙቀት መለካት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ዕውቀት ባዕድ አድርገን እናየዋለን። ታሪኩ ግን ለእኛ ቅርብ ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖረው ሐሰን አር-ረማሕ አንድን ጨው እንዴት እንደሚያጠሩት በኪታቡ ጽፏል። ጨው በውኃ ይሟሟል፤ የእንጨት አመድ ይጨመርበታል፤ አመዱ ባዕዱን ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ከላይ የቀረው ጥሩ ውኃ ተቀድቶ፣ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ጨው ይረጋል። በዚያ ዘመን በዐረብኛ «ባሩድ» የሚባለው ይኸው ጨው ነበር። ቃሉ ዛሬ በአማርኛችን የጥይቱ ባሩድ ስም ነው።

የዛሬው ተማሪም ከዚህ አይርቅም። ቤንዞይክ አሲድን በፈላ ውኃ ያሟሟል፤ በትኩሱ ያጣራል፤ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። ክሪስታሉ ሲያድግ መሰሉን ይሰበስባል፤ ባዕዱ በውኃው ውስጥ ይቀራል።

መጥራቱስ በምን ይታወቃል? ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቭረል እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳተመው የስብና የቅባት ጥናቱ የመቅለጫ ሙቀትን የንጽሕና መለኪያ አድርጎታል። ሙቀቱ አንድ ቁጥር ላይ እስኪጸና ድረስ ደጋግሞ ያጠራ ነበር። ንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ 122 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ባንዴ ይቀልጣል። ባዕድ ያለበት ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየተንቀራፈፈ ይቀልጣል።

ወንድሞችና እህቶች! ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ 115 እያሳየው፣ መጽሐፉ 122 ስለሚል ብቻ 122 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ መምህሩን ሊያታልል ይችላል። አላህን ግን አያታልልም። ይህን የለመደ እጅ ነገ በመድኃኒት ፋብሪካ ቢቆም ጉዳቱ ለታማሚው ይተርፋል። ያልጠራ ነገር መፍትሔው ቁጥሩን መለወጥ አይደለም፤ እንደገና አሟሙቶ ማጥራት ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን ሲመለሱ «ስንት አመጣህ?» ብቻ አንበል። «ያየኸውን ጻፍክ?» ብለንም እንጠይቅ። አማና ከቤት ይጀምራል።