ቀኝ ተመላላሹን ከማማታችን በፊት ከፊቱ ማን እንዳለ እንይ

ኳስ ይዞ በሚጫወት ቡድን ውስጥ እንደ ቀኝ ተመላላሽ የሚታማ ተጫዋች የለም። ዛሬ "ይሄ ልጅ ወደ ፊት አይሄድም፣ አያሻማም" ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሰውዬ ያንኑ ልጅ "ሄዶ ቀረ፣ ቦታውን ክፍት ጥሎ" ይለዋል። ሁለቱም ወቀሳ አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይረሳሉ፦ ቀኝ ተመላላሽ የራሱ ቋሚ ስራ የለውም። ስራውን የሚሰጠው ከፊቱ የሚጫወተው ሰው ነው።

ታሪኩ ይመስክር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1970 እንጀምር። ሜክሲኮ ሲቲ፣ አዝቴካ ስታዲየም፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ብራዚል ጣሊያንን 3 ለ 1 እየመራች ነው፣ 86ኛው ደቂቃ። ኳሷ ብራዚሎች እግር ላይ ትንሸራሸራለች። ክሎዶአልዶ በራሱ ሜዳ ላይ ጣሊያኖቹን አንድ በአንድ አለፋቸው፣ ለሪቬሊኖ ሰጠ፣ ሪቬሊኖ በግራ መስመር ለጃይርዚንሆ። ቆይ፣ ጃይርዚንሆ የቀኝ መስመር አጥቂ አይደለም እንዴ? ግራ ምን ይሰራል? ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጣሊያኖች ሰው በሰው ነበር የሚይዙት። የጃይርዚንሆ ጠባቂ ፋኬቲ ደግሞ ግራ ተመላላሽ ነው። ጃይርዚንሆ ቦታውን ለቆ ሲሄድ ፋኬቲም አብሮት ሄደ፤ የጣሊያን ግራ መስመር ባዶውን ቀረ። ኳሷ መሀል ፔሌ ጋ ደረሰች። ፔሌ ቀና ብሎም ሳያይ በሚመስል እርጋታ ወደ ቀኝ ገፋት። ከኋላ እየበረረ የመጣው ቀኝ ተመላላሹና አምበሉ ካርሎስ አልቤርቶ ነበር። 4 ለ 1።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ምቱን ነው። እኔ የማየው ግን ከምቱ በፊት ያለውን ነው። ካርሎስ አልቤርቶ የሮጠው ክፍተት በጃይርዚንሆ መሄድ የተፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ባርሴሎና። በ2008 ክረምት ጓርዲዮላ ዋናውን ቡድን ሲረከብ ዳኒ አልቬስ ከሴቪያ መጣ። ከፊቱ የነበረው ሜሲ ነው። ሜሲ ደግሞ መስመር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ወደ መሀል ይገባል። ተጋጣሚ በቁጥር ተከማችቶ በሚከላከልበት ጨዋታ ሜሲ ገብቶ መስመሩን የሚይዝ ሰው ከጠፋ ምን ይሆናል? ተከላካዮቹ ወደ መሀል ይሰበሰባሉ፣ እነ ዣቪና ኢኒየስታ መተንፈሻ ያጣሉ። ስለዚህ አልቬስ መስመሩን እስከ ጥግ ድረስ ለብቻው ያዘው። የተጋጣሚ ግራ ተመላላሽ ችግር ውስጥ ገባ፦ ሜሲን ቢከተል አልቬስ ነጻ ነው፣ አልቬስን ቢጠብቅ ሜሲ ፊቱን አዙሮ ይመጣል።

ይሄ ግን በነጻ አልተገኘም። አልቬስ ሲወጣ በግራ በኩል አቢዳል ከነፑዮልና ፒኬ ጋር ኋላ ይቀር ነበር። አንዱ የወጣው ሌላው ስለቆመለት ነው። አቢዳልን "አያጠቃም" ብሎ ያማ ሰው ግማሹን ጨዋታ ብቻ ነው ያየው።

በ2009 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አልቬስ በቅጣት አልተሰለፈም። ሮም ላይ ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ የገባው ፑዮል ነው፤ በተፈጥሮው የመሀል ተከላካይ። ሜሲ መሀል ተጫወተ፣ ቀኙን ኤቶ ያዘው። ቀኝ ክንፉ ሌላ ሰው ስላለው ከፑዮል የአልቬስን ሩጫ የጠየቀ አልነበረም። ኤቶ ገና በ10ኛው ደቂቃ አገባ፣ ባርሳ ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 አሸነፈ።

ለኔ ትልቁ ማስረጃ ግን ፊሊፕ ላም ነው። ጓርዲዮላ በ2013 ባየርን ሲገባ መስመሮቹን ሮበንና ሪቤሪ ይዘዋቸዋል። ላም እንደ አልቬስ ልሩጥ ቢል ሮበን እግር ስር ነው የሚገባው፤ ጠባቂውንም ይዞለት ይመጣል። መፍትሔው ምን ሆነ? ባየርን ኳስ ሲይዝ ተመላላሾቹ ላምና አላባ ወደ ውስጥ ገብተው ከተከላካይ አማካዩ ጎን መቆም ጀመሩ። ላም ወደ ውስጥ ሲገባ የተጋጣሚው የመስመር ተጫዋች ከተከተለው ወደ ሮበን የሚወስደው መንገድ ይከፈታል፤ ካልተከተለው ላም ብቻውን ኳስ ይቀበላል። ኳስ ከተነጠቁ ደግሞ መሀሉ ተዘግቷል፣ መልሶ ማጥቃቱ እዚያው ይቆማል። ላም በዚያው ዘመን ሙሉ በሙሉ አማካይ ሆኖም ብዙ ተጫውቷል።

ከዚያ የ2014 የዓለም ዋንጫ መጣ። ሎው በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ላምን አማካይ አድርጎ አሰለፈው። ከአልጄሪያ ጋር በነበረው ጨዋታ ሙስታፊ ሲጎዳ ላም ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ ደግሞ ቦታው እዚያው ሆነ። ከፊቱ ያለው ሙለር ነው፤ ሙለር ደግሞ ጎል ፍለጋ ወደ ውስጥ የሚንሸራተት ሰው ነው። ስለዚህ ላም ወደ ውጭ ወጣ። ብራዚል 7 ለ 1 በተሸነፈችበት ሌሊት ክሮስ ሦስተኛውን፣ ሹርለ ስድስተኛውን ያገቡት ላም ከቀኝ ባሳለፋቸው ኳሶች ነው።

ልብ በሉ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ስራ። ላም አልተለወጠም። ከፊቱ ያለው ሰው ተለወጠ።

ከዚህ በኋላ ማንቸስተር ሲቲን መረዳት ቀላል ነው። በ2017 ካይል ዎከር ከቶተንሃም ሲመጣ ብዙ ሰው አዲስ አልቬስ ጠበቀ። ግን ስተርሊንግ ቀኝ መስመሩን ሲይዝ ዎከር አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ቀርቶ ኳስ ያቀብል ነበር፤ ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ሲወጣ ከኋላው የሚቀረውን ሰፊ ሜዳ በፍጥነቱ ይሸፍናል። የዚያ ዓመት ሲቲ 100 ነጥብ ሰበሰበ። ዎከርን በአሻማው ኳስ ብቻ ብንለካው ምን ያህል ይቀርብን ነበር?

እንግዲህ አንድ አሰልጣኝ "ተመላላሼ እንደ ላም ወደ ውስጥ ይግባ" ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሮበንህ የታለ?" ተብሎ ነው። መስመሩን የሚይዝ አጥቂ ሳይኖር ተመላላሹን ወደ ውስጥ ማስገባት ጨዋታውን ማጥበብ ነው፤ ተጋጣሚውም ያመሰግናል። በተቃራኒው ክንፍ ተጫዋቹ መስመር ላይ ተተክሎ ሳለ ተመላላሹን "ሩጥ፣ አሻማ" ማለት ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚሰደበው ተመላላሹ ነው፤ ጥፋቱ ግን የአሰላለፉ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ቀኝ ተመላላሹን ከመስደባችን በፊት ሦስት ነገር እንይ፦ ከፊቱ ያለው አጥቂ መስመር ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ይገባል? እሱ ሲወጣ ኋላ የሚቀርለት ማነው? ኳስ በተነጠቀች ቅጽበት የቆመበት ቦታ ለቡድኑ ይጠቅማል? ሦስቱን አይተን አሁንም ጥፋቱ የሱ ከሆነ፣ በቃ፣ ያኔ እንማው።

እናንተስ? ኳስ ይዞ ለሚጫወት ቡድን ቀኝ ተመላላሽ ምረጡ ብትባሉ ማንን ትመርጣላችሁ? ስሙን ብቻ አትጻፉልኝ፤ ከፊቱ ማንን እንደምታሰልፉለትም ጨምሩ።