ክዳን የሚነቅል ነፋስና ስሌቱ

የመንዝና የግሼ ደጋ ሰው ቤት ሲሠራ ነፋሱን ያስባል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ክዳኑ ወፍራም የጓሳ ሣር ነበር። ሣሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው፣ ቄሮ የተባለው የማኅበረሰቡ የጥበቃ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ተናጋ፤ በየመንደሩም ቆርቆሮ እየተስፋፋ መጣ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ ግን በካሬ ሜትር ከጥቂት ኪሎ አይበልጥም፤ ጭንቁም እዚህ ላይ ነው።

ነፋስ የፊቱን ግድግዳ ይገፋል፤ ጣሪያውን ግን ወደ ላይ ይስባል። ከጠርዙ ሲደርስ ከክዳኑ ተላቆ ይሽከረከራል፤ ስበቱም በማዕዘኖቹ ላይ ይበረታል። ዴንማርካዊው ማርቲን የንሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ይህን በትንሽ ሞዴል ለመለካት የመሬቱ ሸካራነት ጭምር በልኩ መቀነስ እንዳለበት አሳየ። አላን ዴቨንፖርት በ1965 በካናዳ ዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ አቋቋመ። በቴክሳስ ላቦክ ደግሞ 13.7 በ9.1 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ እውነተኛ ቤት ሜዳ ላይ ተሠርቶ ግፊቱ ተለካ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ስሌት ትክክል መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በዚህ ቤት ነው።

ኮምፒውተሩ አየሩን ወደ ሚሊዮን ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ፍጥነትና ግፊት ያሰላል። ሽክርክሪቱን በአማካይ የሚወስደው ርካሽ ዘዴ የፊት ግድግዳውን ደህና አድርጎ ይተነብያል፤ የማዕዘኑን ድንገተኛ ስበት ግን ይስታል። ቆርቆሮ የሚነቅለው ያ ቅጽበት ስለሆነ፣ ትልልቆቹን ሽክርክሪቶች አንድ በአንድ የሚከተለው ውድ ስሌት ወጪው ይገባዋል እላለሁ።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ግርማ ብጹአምላክ ናቸው፤ የሚሠሩትም ዴቨንፖርት ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከቴድ ስታቶፑሎስና ከቤዳር ጋር ያሳተሙት ጥናት ነፋስ በኮረብታና በገደል ላይ ሲያልፍ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሰላ የቃኘ ነው። መንዝም ገደል አፋፍ ላይ ያለ ደጋ ስለሆነ የሚመለከተው ይኸው ነው።

የ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መነሻ ፍጥነቱን በሰከንድ 22 ሜትር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን የአየር እፍጋት 0.94 ኪሎ በኪዩቢክ ሜትር አድርጎ ይወስድ ነበር። ይህ ብቻውን በካሬ ሜትር ወደ 23 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ነው፤ በማዕዘን ላይ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሣሩ የሚበቅልበት የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይበልጥ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ጫናው በሩብ ያህል ይቀልላል። ሆኖም ጫና በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ፍጥነቱ በሩብ ከጨመረ ጫናው ከ1.5 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ የስሱ አየር ትርፍም ያልቃል። ስለዚህ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው አፋፍ ላይ ለሚቆም የገበሬ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የሜዳው ቁጥር አይበቃም፤ ነፋሱ እዚያው አፋፉ ላይ ተለክቶ፣ ገደሉም በሞዴሉ ገብቶ ሊሰላ ይገባል።