ክዳኑን ማን ከፈተው?

ስለ ንብ ሲወራ ሁላችንም የሚታወሰን ማሩ ነው፤ ጠጁ ነው፤ ጧፉ ነው። የቀፎውን ክዳንማ ማን ያስታውሰዋል! ዳሩ ግን ንቡን ከዝናብና ከፀሐይ የሚጋርደው፣ ለሰውም የማሩ በር የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ የክዳንን ታሪክ ስንመረምር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሲከፈት ንቡ ይተርፋል ወይስ ይጠፋል?

ገበሬያችን ቀፎውን ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ይሠራል፤ በጭቃና በእበት ይመርገዋል፤ ሣር ያለብሰዋል። ሳንቲም አያወጣበትም። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዕድሜ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእስራኤል ቴል ረሖቭ በተባለ ስፍራ 3 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከጭቃና ከገለባ የተበጁ ቀፎዎች ተገኝተዋል። በአንዱ ጫፍ የንብ መግቢያ፣ በሌላው ጫፍ ተነሺ የጭቃ ክዳን ነበራቸው። የእኛም ባህላዊ ቀፎ ተጋድሞ በጫፉ ነው የሚከፈተው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ የማሩ እንጀራ ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ በጭስና በቢላዋ ይወጣል። ብዙ ጊዜ እጩም አብሮ ይቆረጣል።

መላውን ካገኙት መካከል የግሪክ ገበሬዎች ይገኙበታል። ጆርጅ ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1682 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ቀፏቸውን ገልጾታል። በጭቃ የተመረገ ቅርጫት ነው፤ አፉ ላይ እንጨቶች ተደርድረው በላያቸው ገለባ ይደፋል። ንቦቹ እንጀራቸውን ከየእንጨቱ ስለሚያንጠለጥሉ ገበሬው አንሥቶ ያያል፣ ይመልሳልም።

እ.ኤ.አ. በ1851 ደግሞ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ላንግስትሮት የተባለ ፓስተር ክዳኑ በንብ ሙጫ እየተጣበቀ ቢያስቸግረው፣ በክዳኑና በእንጨቶቹ መካከል 9 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተወ። ንቦቹ አልደፈኑትም እኮ! ከዚያ የጠበበውን በሙጫ፣ የሰፋውን በእንጀራ ይሞሉታል፤ ያንን ግን መተላለፊያ ያደርጉታል። ዘመናዊው የሳጥን ቀፎ የተወለደው ከዚህች ክፍተት ነው።

የግሪኩ ሐሳብም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ ታድሶ ተነሣ። 32 ሚሊሜትር የሚሰፉ እንጨቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ ራሳቸው ክዳን ይሆናሉ፤ ከላይ ለዝናቡ ሣር ወይም ቆርቆሮ ይበቃል። እኛ አገር «የሽግግር ቀፎ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ከሸምበቆና ከጭቃም ይሠራል።

ታዲያ ምን እንማራለን? «ኋላ ቀር» የምንለው እጅ ጭቃውን፣ እበቱን፣ ሣሩን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። የጎደለው ልክ ብቻ ነው፤ ልክ ደግሞ ዋጋ የለውም፣ ይነገራል እንጂ አይሸጥም። ውዱን ሳጥን ካልገዛህ አትሠለጥንም የምንለው ከሆነ ግን ለገበሬው አንድ ዕዳ ጨመርንለት እንጂ ምን ሰጠነው? እንግዲህ ወደ ገጠር ስንወርድ ማስመሪያ ይዘን እንውረድ፤ ክዳኑን እሱ ራሱ ይሠራዋል።