የቀበሌ ቤትና የእማማ ጓሮ ክፍል

ጂንካ እንደደረስሁ የተከራየኋት ክፍል ጭቃ ምርጊት፣ ቆርቆሮ ክዳን ነበረች፤ ከባለቤቲቱ ዋና ቤት ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ተጠግታ የቆመች። ለመዋዋል ብዙ አልደከምንም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀርብ ተስማማን። «ልጄ፣ ወረቀት ምን ይሠራል? ወሩ ሲሞላ ትሰጠኛለህ» አሉኝ እማማ። በስምንተኛው ወር ኪራዩን ጨመሩብኝ። የመሥሪያ ቤት ሰው በዝቷል፤ ጎረቤቶቻቸውም ጨምረዋል። ምን ብዬ ልከራከር? በእጄ ቁራጭ ወረቀት የለም። የነዋሪነት ማስረጃ ፍለጋ ቀበሌ ስሄድ ደግሞ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «የቀበሌ ቤት ነው ወይስ የግል?» ሲል ጠየቀኝ። የግል መሆኑን ስነግረው መዝገቡን መልሶ ዘጋው።

ያ የተዘጋ መዝገብ ታሪክ አለው።

በደቡብ ኦሞ ኪራይ የከተማ ነገር ነው። በሙርሲ መንደር ጎጆውን የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ በወር የሚከፈልበት ቤት የሚባል ነገር ለዚያ መንደር ባዕድ ነው። ተከራይን ያመጣው መሥሪያ ቤት ነው። ጂንካ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን መምህሩ፣ ፖሊሱና ጸሐፊው ከሩቅ አገር ተመድበው ይመጡ ነበር፤ ማደሪያ ያሻቸው ነበር። በወረቀት ደረጃ ሕጉም ተዘጋጅቶላቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማዘጋጃ ቤት የኪራይ ሞዴል ውል ሊያወጣ እንደሚችል፣ ተዋዋዮቹም የኪራዩን ልክ ሳይወስኑ ከቀሩ በማዘጋጃ ቤቱ ታሪፍ፣ ታሪፍ ከሌለም በአካባቢው ልማድ እንዲተመን ይደነግጋል። በእኔና በእማማ መካከል የሠራው ልማዱ ብቻ መሆኑን ውድ አንባቢ ልብ ይሏል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ግለሰብም ቤት እንዳያከራይ ተከለከለ። ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበሩት ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰላቸው፤ እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች እጅ ገቡ። የድኻው ተከራይ እፎይታ እውነተኛ ነበር፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ሲቆይ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃ አለና ጣሪያው ያፈስስ፣ ግድግዳው ይዘምም ጀመር። ቁጥጥርም ድጋፍም የነበረው ያው ቀበሌ ራሱ አከራይ ሆነ።

ለእኔ ግን ትልቁ መዘዝ ሌላ ነው። የግል ኪራይ በአዋጅ ቢቀርም በሕይወት አልቀረም፤ «ደባል»፣ «የዘመድ ልጅ» እየተባለ በጓሮ በኩል ቀጠለ። አስተዳደሩ የራሱን ቤት ቆጥሮ ያውቃል፤ የሌለ ነው የተባለውን ተከራይ ግን በየትኛው ዓምድ ይጻፈው? ከ1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ማሻሻያ በኋላ ማከራየት ወደ ብርሃን ሲወጣ እንኳ መዝገቡ አብሮ አልወጣም።

ጂንካ ግን አላረፈችም። ዩኒቨርሲቲዋ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ ሆነች። (በመሐሏ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሰፊ የሣር ሜዳ ይዛ የኖረች ከተማ፣ ለመምህር የሚሆን ክፍል ማጣቷ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።)

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያስታውቀው ልክ አያልፍም። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚ የሚሆንባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ክልሎች ናቸው።

ይህን ለእማማ በስልክ አነበብኩላቸው። በዝምታ ካዳመጡኝ በኋላ «ሁለት ዓመት?» አሉ። «ታዲያ ልጄ፣ የኔ ልጅ ከዚያ በፊት ቢያገባ ክፍሏን ማን ይመልስልኛል?»

አንቀጾቹን ደግሜ አገላበጥሁ። እማማ መስመሩ ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።