ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በቤት ውስጥ ለአፍ የሚደረግ እንክብካቤ

በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ የምትገኘው ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪ ጥርሱን ለማስነቀል ብዙውን ጊዜ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ፣ ሕመሙ ሲከብድም ወደ ደሴ ይጓዛል። ተክሞ በሚኒባስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐኪሙ ርቆ ይቀራል። ቁስሉ በሰላም መዳኑ ወይም ማመርቀዙ የሚወሰነው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በቤት ውስጥ በሚደረግለት ጥንቃቄ ነው።

ጥርስ ሲነቀል ሥሩ የነበረበት የመንጋጋ አጥንት ጉድጓድ ክፍት ይሆናል። ጉድጓዱን የሚሞላው ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ብዙ ሰዎች ይህን የረጋ ደም እንደ ቆሻሻ በመቁጠር በመጉመጥመጥ ወይም በመትፋት ሊያስወግዱት ይሞክራሉ። የረጋው ደም ግን አጥንቱንና በውስጡ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ከምግብ፣ ከአየርና ከተሕዋስያን የሚሸፍን የተፈጥሮ ፋሻ ሲሆን፣ አዲሱ ሥጋ የሚያድገውም በእርሱ ላይ ነው። የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሰጡት ምክር አብዛኛው ይህን ደም በቦታው ለማቆየት የታለመ ነው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው በመንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ በቁስሉ ላይ ያስቀመጠውን ጎዝ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል አጥብቆ ነክሶ መቆየት ያስፈልጋል። ደሙ መቆሙን ለማየት በየደቂቃው ማውጣትና መመለስ የረጋውን ደም ስለሚያላቅቀው ሊተው ይገባል። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ በጉዞ ላይ በመኪናው መስኮት ደጋግሞ የመትፋት ልማድ ነው። ሲተፋ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ደሙን ከጉድጓዱ ይነቅለዋል። ምራቅን ቀስ ብሎ መዋጥ ወይም በመሐረብ መጥረግ ይሻላል። በተመሳሳይ ምክንያት በዚያን ዕለት መጠጥን በቀሰም መምጠጥም ሆነ ሲጋራ ማጨስ አይመከርም።

በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ምራቅ ቀላ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ጥቂት ደም ከብዙ ምራቅ ጋር ሲቀላቀል መጠኑ የበዛ ስለሚመስል ቤተሰብን ያስደነግጣል። ደሙ በእርግጥ እንደገና መፍሰስ ከጀመረ ታካሚው ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ንጹሕ ጎዝ ወይም ተፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ጨርቅ አርጥቦና ጠቅልሎ በቁስሉ ላይ በማድረግ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ መንከስ አለበት። በከረጢት የሚሸጥ ጥቁር ሻይ በውኃ ነክሮና አቀዝቅዞ መንከስም ደሙ እንዲረጋ ያግዛል። ይህ ተደርጎ ካልቆመ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳዩን ከመነቀሉ አስቀድመው ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል እንጂ መድኃኒቱን በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ የለባቸውም።

ማደንዘዣው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከንፈርና ጉንጭ እስኪነቁ ድረስ ምንም አለማኘክ ይመረጣል። በተለይ ሕፃናት የደነዘዘውን ከንፈራቸውን ሳያውቁ ነክሰው ስለሚያቆስሉ ወላጆች ሊጠብቋቸው ይገባል። ከዚያ በኋላ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ ወተት፣ በለሰለሰ ሽሮ የራሰ እንጀራ በሌላኛው በኩል መመገብ ይቻላል። ትኩስ ቡና ግን ለዚያን ቀን ሊቀር ይገባል፤ ጎረቤት ለጥየቃ በመጣበት ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በራያ ቆላ ማሽላ በደረሰበት ወቅት የሚዘወተረው ጥንቅሽም ለቁስሉ አደገኛ ነው። ጥንቅሽ ሲታኘክ ይመጠጣል፣ ጭረቱም ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ቆሎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና ጫትም ቢያንስ ለጥቂት ቀናት መወገድ ያለባቸው ናቸው። በአካባቢው “ቁስሉን ያደርቃል” ተብሎ በአረቄ መጉመጥመጥ ቢለመድም አረቄው ያልዳነውን ሥጋ ያቃጥላል እንጂ አያድነውም።

ሕመሙ የሚበረታው ማደንዘዣው ሲለቅ በመሆኑ የታዘዘውን ማስታገሻ ከዚያ በፊት መውሰድ ይጠቅማል። ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር የሚወሰድ ሲሆን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች አይመከርም። አስፕሪን የደም መርጋትን ስለሚያዳክም ለዚህ ሕመም አይመረጥም፤ እንክብሉን በድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድዱን አቃጥሎ ሌላ ቁስል ይፈጥራል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር በጉንጭ ላይ ለአሥር አሥር ደቂቃ እያሳረፉ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። ሲተኙ ራስን በትራስ ከፍ ማድረግ ይገባል። በበጋ ሐሩር አጎንብሶ ማጨድም ሆነ ጆንያ መሸከም ደሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አጨዳ የደረሰበት ገበሬም ቢሆን ለአንድና ለሁለት ቀን ሥራውን ለሌላ ሰው ቢያስተላልፍ ይመረጣል።

ከ24 ሰዓት በኋላ አፍን ማጽዳት ግዴታ ይሆናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በማሟሟት ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት በቀስታ መጉመጥመጥ ይጠቅማል። ውኃውን በአፍ ውስጥ ማንገጫገጭ አያስፈልግም፤ ራስን ወደ ጎን እያዘነበሉ ካንሸራሸሩት በኋላ ዝም ብሎ እንዲፈስ መተው ይበቃል። ሌሎቹን ጥርሶች እንደ ወትሮው መቦረሽ ይገባል። በወይራ ወይም በሌላ መፋቂያ የሚጠቀሙም መፋቂያውን መተው አይጠበቅባቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 የመፋቂያን አጠቃቀም ደግፏል። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ግን የመፋቂያው ጫፍ ወደ ተነቀለው ጥርስ ቦታ ሊጠጋ አይገባም።

ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። በሦስተኛው ቀን አካባቢ በመቀነስ ፈንታ ብሶ ወደ ጆሮ የሚወጋ፣ መጥፎ ሽታ ያለው፣ ማስታገሻም የማይመልሰው ከሆነ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ወጥቶ አጥንቱ መጋለጡን ያመለክታል። ይህ ችግር በታችኛው መንጋጋ በስተኋላ በሚገኙት ጥርሶችና በአጫሾች ላይ ይበዛል። አንዳንዶች ሥሩ ተቆርጦ ቀርቷል ወይም “የጥርስ ትል” አለ በማለት የእምቧይ ፍሬ ጭስ ይታጠናሉ። በጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል የለም። ጭሱ አፍን ከማቃጠል ሌላ ለተጋለጠው አጥንት የሚሰጠው ነገር የለም። መፍትሔው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ጉድጓዱን ማሳጠብና መድኃኒት ያለው መሸፈኛ ማስደረግ ሲሆን፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ይቀልላል።

ከዚህ የተለየና ለነገ የማይባል ሁኔታም አለ። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መተንፈስ ከከበደ የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንገት እየተዛመተ ነው። የአየር መተላለፊያን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ስለሚችል ታማሚው በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በአካባቢው በነበረው ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ለዘረፋ መዳረጋቸው ይታወሳል። መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት ጊዜ የመጀመሪያውን ምልክት ችላ ማለት የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከታዘዘ ሕመሙ ቢቆምም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል መዋስ ተገቢ አይደለም። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላም ሆነ አረቄ መጠጣት የለበትም። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ጥርሱን የሚያስነቅል ታካሚ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር፣ የጾሙን ጉዳይ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር መድኃኒቱ በየመሐሉ አይቋረጥበትም።

ጥርሱ ሳይነቀል የተሞላለት ሰው ጥንቃቄው ያነሰ ነው። ብርማ ቀለም ያለው ሙሌት ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር 24 ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር አይታኘክም። የሥር ሕክምና የተጀመረለት ግን ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ቀጠሮውን መተው የለበትም፤ ጊዜያዊው ሙሌት ሲያልቅ ተሕዋስያን ተመልሰው ይገባሉ።

ቁስሉ የተሰፋ ከሆነ በራሱ የማይሟሟው ክር በአንድ ሳምንት ገደማ ይወጣል። ድዱ በአንድና በሁለት ሳምንት ሲገጥም፣ ከሥር ያለው አጥንት ጉድጓዱን ለመሙላት ወራት ይወስድበታል። በቀጠሮ ቀን ወደ ወልድያ መመለስ ያልቻለ ታካሚ የሕክምና ወረቀቱንና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ ባለሙያው ምን እንደተሠራለትና ምን እንደወሰደ አይቶ ቁስሉን መመርመር ወይም ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ ይችላል።