ጆሮና ትርጉም፦ የእንግሊዝኛን ቃል የመክፈል ትምህርት ከየት መጣ?



የዛሬው ርዕሴ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሲከፋፈል፣ ጭረቱ የት ላይ ይቀመጥ? ይህች ጭረት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስታከራክር ኖራለች። ጉዳዩ እኛንም ይነካል፤ በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነውና በየገጹ አይቷቸው የማያውቃቸው ረጃጅም ቃላት ይጠብቁታል።

ከቶማስ ዲልወርዝ ልጀምር። ይህ እንግሊዛዊ መምህር በ1740 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ ያሳተመው የንባብ መጽሐፍ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ዲልወርዝ «ክላስተር» የሚለውን ቃል፣ ዘለላ ማለት ነው፣ «ክላ-ስተር» ብሎ ይከፍለው ነበር። ወጣቱ አሜሪካዊ መምህር ኖህ ዌብስተር በ1783 የራሱን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ጆሮ የሚሰማው «ክላስ-ተር» ነው ሲል ተቃወመው። ዌብስተር አሸነፈ። ሰማያዊ ሽፋን የነበረው መጽሐፉ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሰራጨ፤ ልጆችም ቃላቱን በአንድ ትንፋሽ በሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች እየከፋፈሉ ጮክ ብለው ያነበንቡ ነበር። የእኛን የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠራ የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን በቀላሉ መገመት ይችላል።

የክርክሩ ዳኛ ጆሮ እንደነበረ ልብ በሉልኝ። ዌብስተር በ1789 ከዚህም ርቆ ሄደ፤ አጻጻፉ ራሱ ጆሮን እንዲከተል ጠየቀ። «ሜንት» በሚለው ቃል ውስጥ የማይሰማው «ኤ» የተባለው ፊደል ይውጣ አለ። ሐሳቡ ለጀማሪ አንባቢ የሚያዝን ይመስላል። ነገር ግን «ሜንት» የ«ሚን» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ማለት» ከሚለው «አለ» እንደሚገኝ ማለት ነው። ያ ዝም ያለው ፊደል ሲወጣ ዝምድናቸው ከዓይን ይሰወራል። «ሳይን» (ምልክት) በሚለው ቃል «ጂ» አይሰማም፤ «ሲግናል» በሚለው ግን ይሰማል። ኖም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ በ1968 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ የድምፅ ሥርዓት መጽሐፍ፣ ይህ አጻጻፍ ለቋንቋው እጅግ የተስማማ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። አነጋገራቸው ተጋንኗል እላለሁ፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። ጆሮን የሚያስቸግር አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ዘመዳሞችን ለዓይን ያስተዋውቃል።

በትርጉም መክፈልም የራሱ መጻሕፍት ነበሩት። በ1879 የወጣው የዊልያም ስዊንተን የቃል ትንተና መጽሐፍ የላቲንና የግሪክ ሥሮችን እየዘረዘረ፣ ከእነርሱ የተገኙትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያስተነትናል። እንዲህ ባለው መንገድ «ማኑፋክቸር» «እጅ» እና «መሥራት» ከሚሉ የላቲን ቃላት መገኘቱን ተማሪው ይማራል፤ ዛሬ ግን ቃሉ በዋናነት የሚነገረው ለማሽን ምርት ነው። የቃል ታሪክና የቃል አሠራር አንድ አይደሉም። ላቲን ለማያውቅ ልጅ የሥር ዝርዝር መስጠት፣ አንዱን ሸክም ለማቅለል ሌላ ሸክም መጫን ይመስለኛል።

የተሻለው መንገድ ከትንሽ ይጀምራል። ቶማስ ዋይትና ባልደረቦቹ በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በትምህርት ቤት ንባብ ውስጥ ቅድመ ቅጥያ ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት 58 በመቶ የሚሆኑት «አን»፣ «ሪ»፣ «ኢን» እና «ዲስ» በሚሉ አራት ቅጥያዎች የሚጀምሩ መሆናቸውን አሳዩ። አራት ብቻ! ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «አንሃፒ» ላይ «አን» ሲነሳ «ሃፒ» ይቀራል፤ «አንክል» (አጎት) ላይ ሲነሳ ግን የሚቀረው ትርጉም የለውም።

የእኛ ተማሪ እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። «ቤቱ» ስንል «ቤት» እና «ኡ» ተጣምረዋል፤ የትርጉሙ ድንበር ያለው ግን «ቱ» በተባለው አንድ ፊደል ሆድ ውስጥ ነው። «ስብራት» እና «ሰባራ» ደግሞ የሚዛመዱት በመካከላቸው በተበተኑት ሦስት ተነባቢዎች ነው። በፊደል ንባብ የሠለጠነ ዓይን የትርጉም ድንበርን በሁለት ፊደሎች መካከል መፈለግ አልለመደም። በእንግሊዝኛ ግን ድንበሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። መምህሩ ይህን በግልጽ ካልነገረው ተማሪው ቃሉን እንዳለ ሸምድዶ ያልፋል።

ስለዚህ ጅምሩ ተማሪው በአማርኛ ንግግሩ ውስጥ ከሚያውቃቸው ቃላት ቢሆን እመርጣለሁ። «ቴሌፎን»፣ «ማይክሮፎን»፣ «ማይክሮስኮፕ»፣ «ቴሌስኮፕ» የሚሉትን አራት ቃላት መምህሩ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱን ከሌላው በታች ይጻፋቸው። ጭረቱን ግን ራሱ አያስምር፤ ጠመኔውን ለተማሪው ይስጠው፤ የት ላይ እንዳሰመረና ለምን እንደሆነም ይጠይቀው።